«ምንዎ ናት?» ያሉኝ ቀን

ሰው ስለ ራሱ መልካም ሲነገረው ማመን ይወዳል። እኔም አምኜ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ሽኩር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን መንገድ ላይ ያሳልፋል። ሐናን የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ረምላ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ የከድር ልጅ ናት፤ እሱ ከሚኖርበት ከፎንቆ አምጥቼያት እኔ ቤት መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። ጎረቤቶቼ «ዘሃራ እኮ የወንድሟን ልጅ ከራሷ ልጅ አትለይም» ሲሉ እሰማለሁ። ለዒድ ከአንድ ጣቃ ቀድጄ አንድ ዓይነት ቀሚስ ነው የማሰፋላቸው። አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። በዕድሜ ረምላ በትንሽ ትበልጣለች እንጂ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ የማያውቅ ሰው እህትማማቾች ናቸው ይላል።

የሚለያዩት ጠዋት ነበር። ሐናን የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ ባጃጅ መጥቶ ይወስዳታል። ረምላ ቦርሳዋን ተሸክማ እስከ ባጃጁ ታደርሳትና ተመልሳ ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ምሳ ታቀራርባለች። ከሰዓት ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሁለተኛ ፈረቃ ናት።

ከድር ልጁን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሐናን ጋር ትማርልኝ። ከቤታችን ትምህርት የቀመሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ለሷም ድረሺላት።» እኔም «ከሐናን አትለይም» ብዬ እጁን መታሁ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ስትመጣ የግሉ ምዝገባ አልቆ ነበርና ለጊዜው እዚህ ትግባ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዛውራታለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍያው ተጨመረ፣ ሱቁም ቀዘቀዘ። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ረምላ ጠዋት ጠዋት ቤት መዋሏ ተመችቶኝ ነበር። ይሄኛውን ግን ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

ወንድሜ በስልክ «አብረው ናቸው አይደል?» ሲለኝ «አብረው ናቸው» እላለሁ። አንድ ቤት እየኖሩ አብረው አይደሉም ይባላል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ አካባቢ፣ ሐናን ታይፎይድ ይዟት ተኛች። ፈተና ደርሶ ስለነበር ሕመሟ ላይ ሐሳብ ተጨመረባት። «ነገ ሳይንስ ይከለሳል፤ እኔ ብቻ ልቀር ነው» እያለች አልጋዋ ላይ ስታለቅስ አመሸች። ረምላ ወጥ ቤት ሳህን እያለቀለቀች ትሰማለች። ድንገት ዞር ብላ፣

«አክስቴ፣ እነሐናን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ።»

«የሌላ ሰው ልጅ ገብቶ ማየት ይችላል?»

ደክሞኝ ነበር። የሐናን ትኩሳትም አስጨንቆኛል። «ያንቺስ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ? ባለሽ ላይ አትማሪም?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት። አንገቷን ደፍታ ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር በጠዋት ወጣሁ። ሁለቱም ተኝተው ነበር። «ረምላ፣ ስትነሺ አጥሚት ስጪያት፣ መድኃኒቷን እንዳትረሺ» ብያት በሩን ዘጋሁ። ሱቅ ስሠራ ቆይቼ፣ ልቤ አላስቀምጥ ስላለኝ ከጎን ያለችውን ባለሱቅ ጠብቂልኝ ብዬ ረፋድ ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሐናን ብቻዋን ተኝታለች። መድኃኒቷን ወስዳለች፤ አጥሚቱም ተጠጥቶ ኩባያው ታጥቦ ተደፍቷል። ረምላ ግን የለችም።

«የት ሄደች?»

«እ… ወጣች» አለች ሐናን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ።»

ሱቅ ሄዳ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣችም። የጎረቤቶቼን በር አንኳኳሁ፤ ያያት የለም። ያኔ የማታው ንግግሬ ትዝ አለኝ። ረምላ ስቆጣት መልስ የምትሰጥ ልጅ አይደለችም። ዝም የምትል ልጅ ደግሞ ምን እንደምታስብ አይታወቅም።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ትምህርት ቤቷ ነው። ምናልባት ቀድማ ሄዳ ይሆናል ብዬ። በሩ ላይ ስደርስ ዘበኛውን የት ነው የአራተኛ ክፍሎች መማሪያ ብዬ ጠየቅሁት። እየመራኝ ሲሄድ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ በዚህ በር ገብቼ አላውቅም። ረምላን ያስመዘገባት ሽኩር ነበር። የሐናን ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን አንድም ጊዜ ቀርቶብኝ አያውቅም፤ እዚህ ግን የክፍሏን በር የሚያሳየኝ ሰው አስፈለገኝ።

በመስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ልጆቹ ተጣበው ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ያሉት ድንጋይ ላይ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ዙሪያ ራሶች ተደፍተውበታል። መምህሩ ወጣት ነው፤ ጠዋትም ከሰዓትም የሚያስተምረው እሱ ነው። ድምፁ ሻክሯል። ወጥቶ አነጋገረኝ።

«ረምላ ከድር… ሁለተኛ ፈረቃ?» አለ እያሰበ። «ከኋላ የምትቀመጠው ትሆን? እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በጣም ብዙ ናቸው። ፊቷን ባየው አውቃታለሁ።»

አልተቀየምኩትም። እኔ መጥቼ ጠይቄላት የማላውቃትን ልጅ እሱ ከዚያ ሁሉ መሐል በምን ይለያት? አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ። ወደ አባቷ ሄዳ ከሆነ በዚያ ነው የምታልፈው። ተሸካሚዎቹን፣ ሻይ ቤቶቹን፣ የፎንቆ ሚኒባስ ተራ አስከባሪውን እየዞርኩ ጠየቅሁ።

«ፎቶ አለሽ?» አለኝ ተራ አስከባሪው።

ስልኬን ከፈትኩ። ሐናን ሰርተፍኬት ስትቀበል፣ ሐናን መድረክ ላይ ስትዘምር፣ ሐናን ከአስተማሪዎቿ ጋር። አወረድኩ፣ አወረድኩ። ረምላ የምትታየው የዒድ ዕለት ፎቶ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ ግማሽ ፊቷ በሐናን ትከሻ ተሸፍኗል።

ሰውየው አተኩሮ አየና «እኔ አልምልም» አለ። «በጠዋት በወጣው መኪና አንዲት ልጅ ከሴትዮ ጋር ተሳፍራለች። ልጅዋ መስላኝ አልጠየቅኳትም።»

ማናት ሴትዮዋ? ስንት ወሬ እንሰማለን! ልጅ በሥራ ስም ወሰዱ፣ ከተማ አሻገሩ ሲባል። አንድ የሻይ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ለወንድሜ ደወልኩ። ደርሳ ከሆነ ይነግረኛል፤ ካልደረሰች ደግሞ… ካልደረሰች ምን እንደምለው አላሰብኩም።

«ዘሃራ!» አለ በደስታ፣ በሀዲይኛ። «ሰላም ናችሁ? ሐናን ተሻላት? ረምላስ፣ ትምህርት ቤት ናት?»

እዚያ እንደሌለች ገባኝ። አፌ ግን «አዎ፣ ትምህርት ቤት ናት» አለ።

«ትናንት እኮ ገበያ ላይ ስለሷ ሳወራ ነበር። የኔ ልጅ ከሐናን ጋር አንድ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው የምትማረው ብላቸው አላምን አሉኝ። ክረምት ስትመጣ ትናገርላቸዋለች፣ አይደል?»

«ከድር፣ ድምፅህ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ። በርጩማው ላይ እንዳለሁ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ልጁ ጠፍታለች፤ እሱ ግን ከጠፋች ሁለት ዓመት ሊሞላት እንደሆነ አላወቀም። ሰጥቶኝ የሄደው ሌላ ኑሮ ነበር፤ እኔ ያኖርኳት ሌላ።

ለፖሊስ ልናገር ተነስቼ ስሄድ ስልኬ ጠራ። የሐናን ትምህርት ቤት ነው።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ የልጅዎ ጉዳይ ነበር። ቢሮ ድረስ ብቅ ቢሉልን?»

«ልጄ ታማ ቤት ተኝታለች እኮ።»

«እኛም የደወልነው ለዚሁ ነው። ዩኒፎርሟን የለበሰች ሌላ ልጅ እዚህ አለች።»

ባጃጅ ይዤ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። አላህ ሆይ ምስጋና ላንተ ይሁን እያልኩ ነበር የምሄደው፤ ካገኘኋት እቅፍ አድርጌ እንደምስማት፣ አንድም ክፉ ቃል እንደማልናገራት ለራሴ እየማልኩ።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ረምላን ነው። ጥግ ላይ ወንበር ጫፍ ተቀምጣለች። የሐናን ሹራብ እጅጌ አጥሯት አንጓዋ ይታያል። ጫማዋ ግን የራሷ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ወንበሩ ስር ልትደብቀው እግሯን ሰብስባለች። ስታየኝ ፊቷ በራና ልትነሳ ብድግ አለች።

ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህሩና አንዲት ወጣት አስተማሪ አሉ። ሌላም ሰው አለች። የአንድ ትልቅ ነጋዴ ሚስት፣ የሱቄ ደንበኛ፣ ሁልጊዜ «ያንቺና የኔ ልጆች እኮ የክፍል ጓደኛሞች ናቸው» የምትለኝ። ለራሷ ጉዳይ መጥታ ነው፤ ወሬው ሲጀመር ግን አልወጣችም።

«ይህን ያህል የምናካብደው ለልጆቹ ደኅንነት ብለን ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ በትሕትና። «ዘበኛው ዩኒፎርም አይቶ አሳለፋት። ልጆቹ የሐናን ዘመድ ናት ብለው ዝም አሉ። አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው እኛ ነን።»

«መጥፎ ነገር አልሠራችም» አለች አስተማሪዋ። «እኔ አዲስ ስለሆንኩ የሐናንን መልክ በደንብ አላውቅም። ጥያቄ ስጠይቅ እጇን ታወጣለች፤ በአማርኛ ነው የምትመልሰው፣ መልሱ ግን ልክ ነው። ስምሽ ማነው ስላት ‹ረምላ› አለችኝ። ‹ሐናን› ብትለኝ ኖሮ አምኛት አልፍ ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ምንዎ ናት?»

ቀላል ጥያቄ ነው። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሦስት ቃል። ሦስቱንም አፌ ውስጥ ይዣቸው ነበር። ግን ከኋላቸው የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ። የወንድምዎ ልጅ ከሆነች፣ ከአንድ ቤት አንዷ እዚህ ሌላዋ እዚያ ለምን? ደንበኛዬ አንገቷን ቀና አድርጋ መልሴን ትጠብቃለች። ከአንድ ጣቃ የተሰፋው ቀሚስ፣ የጎረቤት ምስጋና፣ መልካም ስሜ ሁሉ እዚያ ቢሮ ውስጥ ሊራገፍ ሆነ።

«ቤት የምታግዘኝ ልጅ ናት» አልኩ።

ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም ሁሉም ቀለል አላቸው፤ ነገሩ የሚገባ ነገር ሆነ። ደንበኛዬ «ውይ፣ የዘንድሮ ሠራተኞች!» ብላ ሳቀች። ርዕሰ መምህሩም «እንግዲያው ጠበቅ ማድረግ ነው» አሉ። ረምላ ግን ግማሽ ተነስታ እንደነበረች ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ የሰበሰበችውን እግሯን ዘረጋችው። ከእንግዲህ ጫማዋን የምትደብቅበት ምክንያት አልነበረም።

ስንወጣ በሩ ላይ ዘንቢሌን ከእጄ ተቀበለችኝ። እጇን ልይዝ ዞር ስል ከጎኔ የለችም፤ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ትከተለኛለች። ቆሜ ጠበቅኳት፤ እሷም ቆመች። «ነይ እንጂ» አልኳት። «እሺ» አለች፤ ግን እንደዚያው ሆነን ቤት ደረስን።

ሐናን ከአልጋዋ ወርዳ በር ላይ እያለቀሰች ነበር። «እማ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት! ‹ክለሳውን ሰምቼ እነግርሻለሁ› ስላለችኝ ነው። እንዳትመቺያት!»

ማን ሊመታት? ሳሎን ተቀመጥኩ። ከመኝታ ቤት ድምፃቸው ይሰማኛል። ረምላ የሰማችውን ክለሳ ከመጀመሪያው እየነገረቻት ነው፤ ስለ ሥር፣ ስለ ግንድ፣ ስለ ቅጠል። የእንግሊዝኛውን ቃል ሳትችለው ስትቀር ሐናን ታቃናታለች። ከዚያ ሐናን «ቤተ መጻሕፍቱንስ አየሽው?» አለቻት።

«አላየሁትም። ሳንደርስ ወደ ቢሮ ወሰዱኝ።» ከዚያ «ግን መምህሯ ስሜን ጠየቀችኝ» አለች።

ምሳ ከበላን በኋላ ረምላ የሐናንን ዩኒፎርም አጥባ አሰጣች፤ የራሷን ለበሰችና ወደ ሁለተኛ ፈረቃዋ ሄደች። «ዛሬ ቅሪ» ማለት ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ?

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከድር ነው። ስልኩን የዘጋሁበት አኳኋን አላስተኛው ኖሮ በመጀመሪያው መኪና መጥቷል። ልጁ ዕቃ ስታጥብ አገኛት፤ ሐናንን ለመውሰድ የመጣው ባጃጅ ደግሞ ሐናን ገና እንዳልተሻላት ሰምቶ ባዶውን ሲመለስ አየ። ረምላን አየት አደረገና «አንቺስ አትሄጂም?» አላት። እሷም እኔን አየችኝ። ልትሸፍንልኝ መልስ እየፈለገች ነበር።

«ከድር፣ ተቀመጥ» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ ያልኩትንም ጭምር። እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ረጅም ጊዜ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ሲያሻሸው ቆየ።

«አቅም የለኝም ብትይኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ምን እልሽ ነበር? አቅም ማጣትን እኛ እናውቀዋለን እኮ ዘሃራ። ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የምችለው ብትይኝ ያንቺ ትቅደም እልሽ ነበር። ለምን አታለልሽኝ?»

«አሁን ሐናን የምትማርበት አስገባታለሁ» አልኩት። «ሱቁን ሸጬም ቢሆን።»

ወደ ረምላ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ረምላ የእጇን ውኃ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ቤት መሄድ ነው የምፈልገው፣ አባ» አለች። «እዚያ ትምህርት ቤታችንም ድንጋይ ላይ ነው የምንቀመጠው። ግን ሁላችንም ነን።»

በዚያው ቀን ሄዱ። ሐናን ትኩሳቷ ሳይለቃት እስከ መንገዱ ልሸኝ ብላ አለቀሰች።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረግሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ሐናንን ከግል ትምህርት ቤቱ አውጥቼ እኩል አደረግኋቸው ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላወጣኋትም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ባጃጁ ይመጣል። አንድ እናት ለልጇ የተሻለውን ማግኘቷ ኃጢአት ነው ብዬም አላምንም። ግን የተሻለው በር በገንዘብ ብቻ የሚከፈት ሲሆን፣ በበሩ የሚያልፈው ሰው ከውጭ የቀረውን «አላውቀውም» እንዲል ይገፋዋል። እኔን ገፍቶኛል። ድህነቴን ሳይሆን የገዛ ደሜን ነው የካድኩት፤ ለአንዲት ደንበኛ ዓይን ብዬ።

የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አሁን እሄዳለሁ። ልጅ የለሽም እኮ እዚህ ሲሉኝ ነበረችኝ እላለሁ። አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ እንሯሯጣለን፤ መጠነኛ ነገር ነው፣ ዕዳዬን አይከፍልም። ከብዙ ማመንታት በኋላም ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ «ያቺ ልጅ ሠራተኛዬ አይደለችም፣ የወንድሜ ልጅ ናት» ብያቸዋለሁ። «ምንም አይደል ወይዘሮ ዘሃራ፣ እኛም ረስተነዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቃሉ የተነገረው ለእነሱ አልነበረም። የሰማችው እሷ ናት፤ ሳስተካክለው ግን አልነበረችም።

እናንተስ ቤት ከዘመድ የመጣች ልጅ አለች? ከልጆቼ አልለያትም ትላላችሁ? ምሽቱን ተዉት። ጠዋት ጠዋት ማን ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ዘንድሮ ለዒድ ፎንቆ ሄጄ ነበር። ረምላ ቁመቷ ጨምሯል፤ ከሐናን ጋር ተቃቅፈው ወደ ጓሮ ሮጡ። ሊመሽ ሲል ብቻዋን አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለወራት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።

«ረምላ፣ ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ስላልኩት ነገር…»

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ዓይኗ ሁሉንም እንደሚያስታውስ ያስታውቃል። እጇን እጄ ላይ አድርጋ፣

«ምን ብለሽ ነበር አክስቴ?» አለችኝ።